የአይጥ ምስክር

ጎፋ ውስጥ ቤት ይዞ የሚኖር ሰው አይጥን የሚያውቃት በመልኳ ሳይሆን በኮቴዋ ነው። ማታ መብራት ጠፍቶ ሰፈሩ ጸጥ ሲል ኮርኒሱ ላይ ትመጣለች። ከወዲህ ወዲያ ትሮጣለች፤ ቆም ብላ ታዳምጣለች፤ ሰው አለመነሣቱን ስታረጋግጥ ሩጫዋን ትቀጥላለች። የሽሮው ዕቃ በክዳን ላይ ክዳን የሚደረብበት፣ የትምህርት ማስረጃም በቆርቆሮ ሣጥን የሚቆለፍበት በእርሷ ምክንያት ነው። ድመት የሚያሳድገው ድመት ያሳድጋል፣ ወጥመድ የሚያጠምደው ያጠምዳል፤ ስለ አይጥ በጎ ነገር የሚናገር ሰው ግን በሰፈራችን እስካሁን አልተገኘም።

ስለዚህ ባለፈው ሰሞን አንድ የጎረቤቴ ልጅ፣ በቅርቡ በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የተቀጠረ ወጣት፣ በር ላይ አስቁሞ የጠየቀኝ ነገር ገረመኝ።

«ጋሼ፣ አይጥ የሳንባ ነቀርሳን በአፍንጫዋ አሽትታ ታውቃለች የሚሉት እውነት ነው?»

«እውነት ነው፤ እዚሁ አዲስ አበባም ተሠርቶበታል» አልሁት።

«ማን መሰከረላት?»

የመዝገብ ቤት ሰው ስለሆነ ጥያቄው የሙያው ነው። «የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ» የሚለው የአባቶቻችን ተረት የማይታመነውን ምስክር ለመንቀፍ የተነገረ ነው፤ ባለጉዳዩም ምስክሩም ከአንድ ጎተራ የሚለቅሙ ከሆነ ዳኛው በምን ይፍረድ? ዛሬ በዚህ ዓምድ የማወጋችሁ ስለዚሁ ስለ ምስክሩ ነው። ይኸውም በቤተ ሙከራ የእንስሳትን ጠባይ በሚመረምሩ ሰዎች ዘንድ የሰዓት ቆጣሪውን፣ የጸሐፊውንና የመጋቢውን ሥራ አንድ ላይ ጠቅልሎ የያዘው የኮምፒዩተር ፕሮግራም፣ በተለመደው አጠራር ሶፍትዌር የሚባለው ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ከጎፋ ተነሥቶ በመካኒሳ በኩል ወደ ዘነበ ወርቅ የሚሄድ ሰው የአለርት ሆስፒታልን ግቢ ያገኛል። አለርት በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያና ለባለሙያዎች ማሠልጠኛ ተብሎ የተመሠረተ ማእከል ነው። በዚያው ግቢ ውስጥ በ1970 የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት አለ፤ ስሙም የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ በ1873 ላገኙት ለኖርዌዩ ሐኪም መታሰቢያ ነው። አፖፖ የተባለው ድርጅት የሠለጠኑ አይጦችን በአዲስ አበባ ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያሠማራው ከዚሁ ኢንስቲትዩት ጋር ተባብሮ ነው።

አፖፖን በ1997 የመሠረቱት ባርት ዊትየንስ የተባሉ የቤልጅግ ሰው ሲሆኑ፣ የአይጦቹ ዋና ማሠልጠኛ በታንዛንያ፣ በሞሮጎሮ ከተማ፣ በሶኮይኔ የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ነው። አይጦቹ መጀመሪያ የተማሩት የተቀበረ ፈንጂ ማሽተትን ነበር። ከእነርሱ መካከል ማጋዋ የተባለው በካምቦዲያ ከ100 በላይ ፈንጂዎችንና ሌሎች ተቀጣጣይ ነገሮችን ስላገኘ በ2020 ከአንድ የእንግሊዝ የእንስሳት በጎ አድራጎት ማኅበር የወርቅ ሜዳይ ተሸልሟል፤ በ2022 መጀመሪያም በእርጅና ዕድሜው ሞተ። የሳንባ ነቀርሳው ሥራ በታንዛንያ በ2007፣ በሞዛምቢክ በ2013 ተጀመረ፤ ኢትዮጵያ ከእነርሱ ቀጥላ መጣች። በ2011 ስለዚሁ ሥራ በአንድ የአሜሪካ የጠባይ ጥናት መጽሔት ላይ የወጣውን ጽሑፍ የተመለከተ ሰው ከጸሐፊዎቹ መካከል ንጉሤ በየነ የሚል የአገራችንን ስም ያገኛል።

አይጧ የኮርኒሳችን አይጥ አይደለችም። ጉንጯ ውስጥ እንደ ኪስ ያለ የእህል ማጨቂያ ያላት፣ ክብደቷ አንድ ኪሎ የሚደርስና የሚያልፍ ትልቅ የአፍሪካ አይጥ ናት። ዓይኗ ደካማ ነው፤ ኑሮዋ ሁሉ በአፍንጫዋ ነው። ትምህርቷን የምትጀምረው ገና በልጅነቷ ነው። በመጀመሪያ «ቀጭ» የሚል ድምፅ በተሰማ ቁጥር ምግብ እንደሚመጣ ትማራለች፤ ምግቡም ከሌላ ነገር ጋር የተፈጨ ሙዝ ነው። ቀጥሎ ድምፁ የሚሰማው የሕመምተኛ አክታ ካለበት ቀዳዳ ላይ አፍንጫዋን ስታሳርፍ ብቻ ይሆናል። በመጨረሻ፣ ወለሉ ላይ 10 ቀዳዳ በተርታ ወደ ተበሳበት ሣጥን ትገባለች። በየቀዳዳው ሥር ጀርሙ በሙቀት የተገደለበት አክታ ተቀምጧል። የጤነኛውን አሽትታ ታልፋለች፤ የበሽተኛው ላይ አፍንጫዋን 3 ሴኮንድ ያህል ካቆየች «አገኘሁ» ማለቷ ነው። በማይክሮስኮፕ የሚሠራ ባለሙያ 4 ቀን የሚፈጅበትን 100 ናሙና አንዲት አይጥ በ20 ደቂቃ ትጨርሳለች ይላል ድርጅቱ።

የአይጧ ምልክት ግን ብቻውን ፍርድ አይሆንም። ጤና ጣቢያው «ነጻ ነው» ብሎ ያሳለፈውን ናሙና አይጧ ከጠረጠረችው፣ ናሙናው እንደገና በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ወሬው ወደ ሐኪሙ የሚመለሰው ያ ሲረጋገጥ ነው። ነገሩ የቀልድ አይደለም። በዓለም የጤና ድርጅት ግምት በ2023 በመላው ዓለም 10.8 ሚሊዮን ያህል ሰው በዚህ በሽታ ታሟል፤ 1.25 ሚሊዮን ያህል ሞቷል፤ አገራችንም በሽታው ከሚበዛባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። አንድ ናሙና በስሕተት ካለፈ ባለቤቱ እያሳለ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ከልጆቹ ጋር በአንድ ክፍል ያድራል፤ በማግሥቱም በታክሲ ተጨናንቆ ወደ ሥራው ይሄዳል።

እንግዲህ 3 ሴኮንድ መሙላቱን ማን ቆጠረ? ይህ ጥያቄ ቀላል መስሎ ለሚታየው አንባቢ ስለ አንድ ፈረስ ልንገረው።

በ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ በበርሊን ብልሁ ሐንስ የሚባል ፈረስ ነበር። ጌታው ቪልሄልም ፎን ኦስተን ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ነበሩ፤ «3 ሲደመር 4 ስንት ይሆናል?» ብለው ሲጠይቁት ፈረሱ በኮቴው መሬቱን 7 ጊዜ ይመታል። ተመልካቹ ሁሉ እጁን በአፉ ጫነ። ሽማግሌው አታላይ አልነበሩም፤ ፈረሳቸው በእርግጥ ሒሳብ ያውቃል ብለው ያምኑ ነበር። በ1907 ኦስካር ፉንግስት የተባሉ ተመራማሪ ምስጢሩን ገለጡት። ጠያቂው ራሱ መልሱን የማያውቅ ከሆነ፣ ወይም ፈረሱ ጠያቂውን እንዳያይ ከተጋረደ፣ የሒሳብ ዕውቀቱ ሁሉ ይጠፋል። ፈረሱ ያነብ የነበረው ቁጥሩን ሳይሆን የሰውን ራስ ነበር፤ ትክክለኛው ምት ላይ ሲደርስ ጠያቂው ሳያውቀው ራሱን ጥቂት ቀና ያደርጋል፣ ፈረሱም ያን አይቶ ያቆማል።

ከዚህ የሚብሰው በ1963 የታተመው የሮበርት ሮዘንታልና የከርሚት ፎድ ሙከራ ነው። እነዚህ አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ሰዎች ለ12 ተማሪዎች፣ ለእያንዳንዳቸው 5 አይጦች አደሏቸው። ለእኩሌቶቹ «የእናንተ አይጦች መንገድ በማግኘት ከታወቀ ጎበዝ ዘር የመጡ ናቸው» አሏቸው፤ ለቀሩት ደግሞ «የእናንተዎቹ ደነዝ ናቸው» አሏቸው። አይጦቹ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ነበሩ፤ ልዩነቱ በወሬ ብቻ ነበር። ለጥቂት ቀናት ከተፈተኑ በኋላ «ጎበዝ» የተባሉት በልጠው ተገኙ። ጎበዝ አይጥ ይዣለሁ ያለው ተማሪ አይጡን በለዘብታ ያነሣል፣ ይወደዋል፣ በትዕግሥት ይጠብቀዋል፤ ደነዝ ደርሶኛል ያለውም ፊቱን ያጨፈግጋል። ከመካከላቸው ሆነ ብሎ የዋሸ ሰው አላስፈለገም። እኔ ይህን ባሰብሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የአለቃ የሥራ ግምገማ ነው፤ ሮዘንታልም ራሳቸው ኋላ ጥናታቸውን ወደ ትምህርት ቤት ልጆች አዙረውታል። ይህ ግን ሌላ ወሬ ስለሆነ ወደ አይጦቻችን እንመለስ።

ከሰው እጅና ከሰው ዓይን የራቀ ምስክር ፍለጋው ከዚህ በፊት ተጀምሮ ነበር። ቢ. ኤፍ. ስኪነር የተባሉት የአሜሪካ ሊቅ በ1930ዎቹ አይጥ ብቻዋን የምትገባበትን፣ ዘንግ ስትጫን ምግብ የሚወርድላትን ሣጥን ሠሩ፤ በ1938ም ውጤቱን በመጽሐፍ አወጡ። ከሣጥኑ ውጭ ቀስ ብሎ የሚጠቀለል ወረቀት ላይ ብዕር ተገጥሟል፤ አይጧ ዘንጉን በተጫነች ቁጥር ብዕሩ አንድ እርከን ወደ ላይ ይወጣል። ቶሎ ቶሎ ስትጫን መስመሩ እንደ እንጦጦ አቀበት ይቆማል፤ ስታርፍ እንደ አቃቂ ሜዳ ይጋደማል። ተመራማሪው በዚያን ጊዜ ቢሮው ተቀምጦ ቡና ይጠጣ እንደሆነ እንጂ ራሱን የሚነቀንቅበት ሥፍራ የለም።

ችግሩ ደንቡ ሲወሳሰብ ነው። «5 ጊዜ ስትጫን አንድ ፍሬ፣ መብራቱ ሲጠፋ ምንም፣ ከ1 ደቂቃ በኋላ እንደገና» የሚለውን ለመፈጸም ብዙ የኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያ በመደርደሪያ ላይ ተሰልፎ በሽቦ ይያያዝ ነበር፤ ደንቡን የሚለውጥ ሰውም ሽቦውን ሁሉ ነቅሎ እንደ አዲስ ይሰካል። በ1965 ፒ.ዲ.ፒ-8 የተባለው ኮምፒዩተር በ18,000 ዶላር ያህል ለገበያ ቀረበ፤ ከዚያ ወዲህ ሽቦው በጽሑፍ ይተካ ጀመር። አርተር ስናፐር የተባሉ ሰው በዚሁ ኮምፒዩተር የሚሠራውን ስኬድ የተሰኘ ፕሮግራም በ1970ዎቹ አዘጋጁ። ስናፐር የነበሩበት የዌስተርን ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ፣ ኋላ ስለ አፖፖ አይጦች ብዙ የጻፉት የአለን ፖሊንግም መምህርነት ቦታ ነው፤ ሣጥኑና አክታው በአንድ ዩኒቨርሲቲ ተገናኙ ማለት ነው። ከስኬድ በኋላ ሜድ-ፒሲ የተባለው መጥቶ በብዙ አገር ላቦራቶሪዎች ተሠራጨ።

የስናፐር ብልሃት ማንኛውንም ደንብ በ«ሁኔታ» ከፋፍሎ መጻፍ ነው። ይህ ለመሥሪያ ቤት ሰው እንግዳ አይደለም፤ ለዘበኛ የሚሰጥ የጽሑፍ መመሪያ ነው። የኛን የአክታ ሣጥን በዚህ አጻጻፍ ብናዘጋጅ ይህን ይመስላል። በየቀዳዳው አፍ ላይ ኢንፍራሬድ የሚሉት ለዓይን የማይታይ ጨረር ተዘርግቷል እንበል፤ አፍንጫ ሲገባ ጨረሩ ይቋረጣል።

«ሁኔታ አንድ፤ ቀዳዳውን ክፈትና ጠብቅ። ጨረሩ ከተቋረጠ ሰዓቱን ጽፈህ ወደ ሁኔታ ሁለት እለፍ። ሁኔታ ሁለት፤ ቁጠር። 3 ሴኮንድ ሳይሞላ አፍንጫዋን ካወጣች፣ የቆየችበትን ጊዜ ጽፈህ ወደ ሁኔታ አንድ ተመለስ። 3 ሴኮንድ ከሞላ ወደ ሁኔታ ሦስት እለፍ። ሁኔታ ሦስት፤ ናሙናው የሕመምተኛ መሆኑ አስቀድሞ የታወቀ ከሆነ ድምፁን አሰማ፣ ምግቡን ስጥ፤ ካልታወቀ ጽፈህ ዝም በል።»

ከዚህ በላይ ምንም ምስጢር የለውም። ፕሮግራሙ አይጧን አይወዳትም፣ አይጠላትም። ትናንት ጎበዝ እንደነበረች አያስታውስም። ከሰዓት በኋላ አይደክመውም። 2.9 ሴኮንድ ላይ «እስቲ ትንሽ ልታገሣት» አይልም። አንዳንድ ሰው ኮምፒዩተር የገባው ሥራ ለማፍጠን ነው ይላል፤ እኔ ግን ከፍጥነቱ ይልቅ ይህን አለማዘኑን ነው የማደንቀው። አይጧን የያዘው አሠልጣኝ የትኛው ቀዳዳ የታወቀ በሽተኛ እንዳለበት ማወቅ የለበትም፤ ካወቀ ትንፋሹ እንኳ ያሳብቅበታል፣ አይጧም እንደ ብልሁ ሐንስ ሰውየውን ታነብባለች። ፕሮግራሙ ዝርዝሩን በሆዱ ይዞ ናሙናዎቹን በዕጣ ያደባልቃል፤ ምስጢሩንም እስከ መጨረሻው አያወጣም።

ይሁን እንጂ አንባቢዬ አንድ ነገር ልብ ይበል። ፕሮግራሙ 3 ሴኮንድን በትክክል ይቆጥራል እንጂ 3 ይሁን ያለው እርሱ አይደለም። ለምሳሌ ያህል 100 ናሙና አለ እንበል፤ 10ሩ በእውነት የሕመምተኛ ነው። ደንቡ 2 ሴኮንድ ቢሆን አይጧ ከ10ሩ 9ኙን ልትጠቁም፣ ከ90ው ጤነኞች ግን 20ውን አብራ ልትጠረጥር ትችላለች፤ የማይክሮስኮፑ ባለሙያ 29 ናሙና እንደገና ሊያይ ነው። ደንቡ 4 ሴኮንድ ቢሆን ደግሞ ጤነኞቹ ላይ የምትሳሳተው በ4 ብቻ ይሆናል፤ ከሕመምተኞቹ ግን የምታገኘው 6ቱን ነው። በዚያ በኩል የባለሙያው ሥራ ከ29 ወደ 10 ቀለለ፤ በዚህ በኩል 3 ሰዎች እያሳሉ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ቁጥሮቹን ለማስረዳት ብዬ ያመጣኋቸው ናቸው፤ ሚዛኑ ግን በየላቦራቶሪው ያለ ነው። የባለሙያው ጉልበት ምን ያህል ነው፣ የሚያመልጠውስ ሰው ስንት ቢሆን እንታገሣለን የሚለውን መልስ በፕሮግራሙ ውስጥ እንደ አንዲት ቁጥር የሚጽፈው ሰው ነው። ቁጥሯ ከተጻፈች በኋላ ማንም አያያትም። ስለዚህ ማን እንደ ጻፋት፣ መቼና ስለ ምን እንደ ጻፋት ከጎኗ ሊመዘገብ ይገባል፤ የመዝገብ ቤቱ ወጣት ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል።

ሌላም ጣጣ አለ። አይጧ የምትሠራው ለሙዙ ነው። በእውነተኛው ሥራ ላይ ግን አብዛኛው ናሙና ያልታወቀ ነው፤ ጠቁማ ትክክል ብትሆንም ወዲያው ልንሸልማት አንችልም፣ ትክክል መሆኗን ገና አናውቅምና። ያለ ደመወዝ ብዙ ከሠራች ደግሞ እንደ ማንኛችንም ትሰለቻለች፤ አፍንጫዋን ማሳረፉን ትተዋለች። ስለዚህ ጤና ጣቢያው በሽተኛ መሆናቸውን ያረጋገጣቸው ናሙናዎች በየመካከሉ ይሰገሰጋሉ። በዚህ ላይ የጤና ጣቢያው መዝገብ ራሱ ከተሳሳተ አይጧ በውሸት ትሸለማለች፤ ውሸቱንም ተምራ ትወጣለች። እዚህ ላይ ሌላው ተረታችን ይመጣል፤ «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» እንዲሉ፣ ጥፋቱ የመዝገቡ ሆኖ የምትወቀሰው አይጧ ትሆናለች።

እስካሁን ስለ ትልቋ አይጥ አወራሁ። በአዲስ አበባ ግን ከእርሷ ይልቅ ብዙ የሚሠራው በትንሿ ነጭ አይጥ ነው። የመድኃኒት ቅመማ ተማሪዎች አንድ የአገር መድኃኒት ሕመም ያስታግሥ እንደሆነ ሲመረምሩ አይጧን ብዙውን ጊዜ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ሰሌዳ ላይ ያቆማሉ፤ እግሯን እስክትልስ ወይም እስክትዘል ድረስ ያለውን ሴኮንድ ይቆጥራሉ፤ ጉዳት እንዳይደርስባትም ከ15 ወይም ከ20 ሴኮንድ በላይ አያቆዩአትም። ፍርሃትን ለመለካት ደግሞ ከመሬት ከፍ ያለ መስቀልማ መንገድ አለ፤ ሁለቱ ክንፎቹ ግድግዳ አላቸው፣ ሁለቱ ገላጣ ናቸው። አይጧ በ5 ደቂቃ ውስጥ በገላጣው ላይ ስንት ጊዜ ቆየች ይባላል።

ይህን ሁሉ በእጅ ሰዓት መቁጠር ይቻላል፤ ብዙ ጊዜም እንዲሁ ተደርጓል። ነገር ግን የሰው ጣት ዓይኑ ካየ በኋላ ቁልፉን እስኪጫን የሴኮንድ አንድ አምስተኛ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይዘገያል። ይህ ለሁሉም እኩል ቢዘገይ ባልከፋ ነበር። የትኛዋ አይጥ መድኃኒቱን እንደ ወሰደች የሚያውቅ ተማሪ፣ የመመረቂያ ጽሑፉም በዚያ የተንጠለጠለበት ተማሪ፣ መድኃኒት ለወሰደችው ጣቱ ጥቂት ይዘገያል፤ ላልወሰደችው ይፈጥናል። የሮዘንታልን ተማሪዎች ያየ ሰው በዚህ አይደነቅም።

የሚመረመረው ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ከእኛ ሕይወት የራቀ አይደለም። ፕሮፌሰር ኤፍሬም እንግዳወርቅና ባልደረቦቻቸው በ2016 ባሳተሙት ጥናት የጫት ጭማቂ ለብዙ ቀን የተሰጣቸው ነጭ አይጦች ስኪዞፍሬንያ ከሚባለው የአእምሮ ሕመም ጋር የሚመሳሰል የጠባይ ለውጥ እንዳሳዩ ገልጸዋል። ለፈተና ብሎ ሌሊቱን ሲቅም የሚያድር ተማሪ ይህን ሰምቶ «አይጥ ሌላ፣ እኔ ሌላ» ሊል ይችላል፤ እውነቱን ነው፣ ከአይጥ ወደ ሰው የሚያሻግረው ድልድይ ረጅም ነው። ነገር ግን ድልድዩን ለመጀመር የመጀመሪያው ምሰሶ መጽናት አለበት፤ ያም አይጧ ስንት ርምጃ ሮጠች፣ ከጓደኛዋ ጋር ስንት ሴኮንድ ተቀራረበች የሚለው ቁጥር ነው።

ቀድሞ የእንስሳትን እንቅስቃሴ በካሜራ የሚከታተል ሶፍትዌር ለመግዛት ብዙ የውጭ ምንዛሪ ይጠይቅ ነበር፤ የታወቁት የንግድ ፕሮግራሞች ዛሬም ርካሽ አይደሉም። ዛሬ ግን በነጻ የሚገኙ ጥሩ ጥሩ መሣሪያዎች አሉ። በሊዝቦን የተሠራው ቦንሳይ በ2015 ለሕዝብ በጽሑፍ ቀርቧል፤ ካሜራውን፣ ጨረሩንና መጋቢውን ሥዕል እንደ መሳል አድርጎ ያገናኛል። ከኦክስፎርድ የመነጨው ፓይኮንትሮል በ2022 ታትሟል፤ በትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎች ላይ ይሠራል፣ አጻጻፉም ያው የስናፐር «ሁኔታ» ነው። በ2018 የወጣው ዲፕላብካት ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። ተማሪው ከፊልሙ 200 ያህል ሥዕሎች መርጦ በእያንዳንዱ ላይ የአይጧን አፍንጫ፣ ጆሮና የጅራት ሥር በነጥብ ያመለክታል፤ ከዚያ ወዲያ ፕሮግራሙ የቀረውን ሁሉ ራሱ ያገኛል። በአይጧ ላይ ምልክት መለጠፍ ወይም ቀለም መቀባት አያስፈልግም።

ነጻ ነው ማለት ግን ያለ ድካም ነው ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ለሚሠራ ሰው የመጀመሪያው ጠላት የመብራት መቋረጥ ነው። ውጤቱን በመጨረሻ ብቻ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም መብራት ሲጠፋ የአንድ ቀን ሥራ ይዞ ይጠፋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ድርጊት በተፈጸመበት ቅጽበት አንድ መስመር ሆኖ በፋይል መጻፍ አለበት፣ ኮምፒዩተሩም ባትሪ ያስፈልገዋል። ሁለተኛው ሙዙ ነው። በየቀዳዳው አፍ ላይ የተለጠፈች ትንሽ ሙዝ ጨረሩን ጋርዳ አይጧ ሳትኖር «አፍንጫ ገብቷል» ታሰኛለች፤ ፕሮግራሙም ያን በታማኝነት ይጽፋል። በየጠዋቱ ሣጥኑን ባዶውን አሠርቶ ምንም እንዳልጻፈ ማየት፣ ቀጥሎ በእርሳስ ጫፍ እያንዳንዱን ቀዳዳ ነክቶ መቁጠሩን ማረጋገጥ የ5 ደቂቃ ሥራ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ግን ይህንኑ ነው።

የእንስሳቱንም ነገር ዝም ብዬ ባልፍ ደስ አይለኝም። ራስልና በርች የተባሉ እንግሊዛውያን በ1959 ባወጡት መጽሐፍ የእንስሳ ሙከራ በሌላ መንገድ ሊተካ ከቻለ እንዲተካ፣ ካልቻለ ቁጥሩ እንዲያንስ፣ የሚቀረውም ሥቃዩ እንዲቀል ሦስት ደንብ አቁመዋል። ሶፍትዌሩ ለሁለተኛው ይጠቅማል። በእጅ ሲቆጠር በስሕተት ብዛት የተነሣ 20 አይጥ የሚፈልገው ጥያቄ፣ ልኩ ሲጠራ በጥቂቶች ሊመለስ ይችላል። አንዴ የተቀረጸ ፊልምም ለሌላ ጥያቄ ይሆናል። ዛሬ ስለ ጫት የተቀረጸውን የ5 ደቂቃ ፊልም ከ10 ዓመት በኋላ ሌላ ተማሪ አውጥቶ፣ የቀድሞው ተመራማሪ ያላሰበውን ነገር፣ ለምሳሌ አይጧ ፊቷን በእጇ ስንት ጊዜ እንደ ጠረገች፣ ሊቆጥርበት ይችላል፤ ለዚህ አዲስ አይጥ አያስፈልግም። ፊልሙ ግን የአይጧን ቁጥር፣ ቀኑን፣ የተሰጣትን መጠንና ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ደንብ አብሮ ካልያዘ፣ በዚያን ጊዜ የሚታየው አንዲት ነጭ አይጥ በአንድ ሣጥን ውስጥ ስትዞር ብቻ ነው።